ለወንበሮች የተደረገ ንግግር

ሚያዝያ ሲገባ የጆርጂያ ጥዶች ቢጫ ዱቄት ይነዛሉ። ማታ ታጥቦ የቆመ መኪና ጠዋት ሲያዩት ሽሮ የተነፋበት ይመስላል። አትላንታ አጠገብ፣ ዱሉዝ ካለው ከልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ ይህን ዱቄት ከበረንዳው መጥረግ የእኔ ሥራ ሆኗል። ማንም አላዘዘኝም፤ መጥረጊያ የለመደ እጅ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። የዚያን ቅዳሜም ጠርጌ ገባሁና ክንዷ ከተላጠችው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

የልጄ ባል ብሩክ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ኮንየርስ ካለ መጋዘን ጭኖ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ሲያርፍ ቴሌቪዥኑ የሱ ነው። እህቱ ካናዳ ስላለች የዚያን አገር ምርጫ እንደ ኳስ ጨዋታ ይከታተላል። ሴት ልጁ ሳሮን ደግሞ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ስልኳን ታያለች።

ቴሌቪዥኑ የአንድ አዳራሽ ፎቶ አሳየ። ወንበር ረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፣ የተቀመጠ ሰው የለም። ከሩቅ፣ መድረኩ አጠገብ፣ አንድ ሰው ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ዜና አንባቢዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ብሩክ ቻናሉን ቀየረው። ሌላ ዜና አንባቢ፣ ያው አዳራሽ፣ ያው ቃል።

«ዋው! ሰውዬው አለቀለት» አለ ብሩክ። «ስብሰባ ጠርቶ ኖባዲ! አንድ ሰው እንኳ!»

«ፎቶውን ያነሳው ልጅ ስንት ሰዓት ነው የመጣው?» አልኩት።

«ማ?»

«ፎቶ አንሺው።»

«አባባ ደግሞ! ኒውስ ነው እኮ። ስንት ሰዓት ይምጣ ነው የሚሉኝ?»

ያን ጀርባውን የሰጠ ሰው ነበር የማየው። ትከሻው አንድ በኩል ዘመም ያለ ነው፣ ከባድ ነገር በአንድ እጁ የያዘ ሰው እንደሚቆመው። ውጪው ሙቀት ነው፣ እኔን ግን ከአንገቴ ጀምሮ ብርድ ወረደኝ።

«አባባ፣ ኦኬ ነህ?» አለች ሳሮን ከስልኳ ቀና ብላ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ያን ሰውዬ የማውቀው መስሎኝ ነው።»

«ፖለቲሺያኑን?»

«የለም፤ ያን ጀርባውን የሰጠውን። አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ እንደሱ የቆምኩት።»

ብሩክ ድምፁን ቀነሰው። እኔም ነገርኳቸው። ለእነሱ በቁርጥራጭ የነገርኩትን እዚህ ረጋ ብዬ ላስቀምጠው።

በስደት ከምኖርበት ከሱዳን ያወጡኝ የካናዳ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። አትላንታ ከመምጣቴ በፊት የወጣትነቴን ጥቂት ዓመታት ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማቸው አሳለፍኩ። ስሟን አልጠራም፤ የሞቱትም የቀሩትም ሰላም ይሁኑ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛዬም «የስ» እና «ሶሪ» ነበር። ሰዎቹ የከተማውን አዳራሽ እንድጠብቅ ሥራ ሰጡኝ። በረዶ እዝቅ ነበር፣ ወለል እወለውል ነበር፣ የማሞቂያውን ምድጃ እለኩስ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንበር እዘረጋለሁ፣ ወንበር አጥፋለሁ። የሚታጠፉ የብረት ወንበሮች ነበሩ። የሚቀመጡት ከአዳራሹ ጓሮ፣ እሳት በሌለው የእንጨት መጋዘን ውስጥ ስለነበር በክረምት ጣት የሚልጡ ናቸው። ያለ ጓንት አይነኩም።

የምኖረው ሚስስ ዶሪስ የሚባሉ ባልቴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም ይባላል፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፣ አሁንም ሳስታውሳቸው አንቱ ናቸው። ታደሰ ማለት ሲያቅታቸው «ታዴ» አሉኝ። ጠዋት የአጃ ገንፎ ሠርተው በላዩ ቡናማ ስኳር ይነሰንሱበታል። ገንፎ ያለ ቅቤ፣ ያለ በርበሬ! መጀመሪያ አዘንኩላቸው፤ በኋላ ለመድኩት።

ባላቸው የሞቱት እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ከተማዋ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ነበራት፤ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ማታ ማታ መዝጋት ተጀምሮ ነበር። ሰውየውን አንድ ሌሊት ልባቸውን ሲያማቸው ሚስስ ዶሪስ ራሳቸው እየነዱ ሩቅ ወዳለው ትልቅ ከተማ ወሰዷቸው። መንገድ ላይ ሞቱ። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው፤ እሳቸው አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። መኪናዋ ጓሮ ቆማ፣ በረዶ በበረዶ ላይ ወርዶባት፣ መቃብር መስላለች። አካፋ ይዤ ስወጣ ሚስስ ዶሪስ በመስኮት ይጮኹብኛል፦ «እሷን ተዋት!»

እንግዲህ በዚያ ዓመት ሆስፒታሉ ጭራሽ ሊዘጋ ነው ተባለ። ምርጫም ደረሰ። ኤለን የምትባል የዚያው ሆስፒታል ነርስ «አይዘጋም» ብላ ተወዳደረች። ከእሷ ጋር የሚወዳደረው ሰውዬ ይዘጋ ባይ ነበር፤ የአካባቢው ጋዜጦችም እሱን ይወዱታል። ለምን እንደሚወዱት እኔ በምን አውቃለሁ? ሰዎች ግን «የጋዜጣ ሰዎቹና እሱ በአንድ ጀልባ ነው ዓሣ የሚያጠምዱት» ይሉ ነበር።

የኤለን ስብሰባ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በእኔ አዳራሽ ተጠራ። በዚያች ከተማ ልማድ ሆድ ሳይሞላ ንግግር አይደረግም። አዳራሹ ከሥሩ ምድር ቤት አለው፣ ወጥ ቤቱ እዚያ ነው። ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣና ካፖርቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ የዓሣ ሾርባውን ይጠጣል፣ የፖም ኬኩን ይበላል፣ ከዚያ ነው ተመልሶ የሚሰበሰበው። ደግሞ ቦታ የሚይዘው ከኋላ ጀምሮ ነው። ከፊት መቀመጥ ይፈራሉ፣ ልክ የንስሐ አባቱን እንደሚሸሽ ሰው።

ያን እሑድ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ካፖርት ለበሱ። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ወንበር ላይ ባርኔጣም አለ። ሰው ሁሉ ታች ነው፤ የማንኪያና የሳሕን ድምፅ በወለሉ ሥር ይሰማኛል። እኔ ላይኛው አዳራሽ ብቻዬን ቆሜ ያን ሁሉ ካፖርት አያለሁ። ጭንቅላት የላቸውም፣ እጃቸው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም ወደ መድረኩ ዞረው ይጠብቃሉ። ዛሬም ቢሆን ባዶ ካፖርት ወንበር ላይ ሳይ ፈጥኜ አንስቼ እሰቅለዋለሁ።

ወንበሩ እንደማይበቃ አየሁ። ስለዚህ ከመጋዘኑ ሌላ እያመላለስኩ ከፊት፣ ከመድረኩ ሥር፣ ተጨማሪ ረድፎች መዘርጋት ጀመርኩ። አንድ ወንበር በእጄ አንጠልጥዬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እንደቆምኩ፣ «እዚያው ቁም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ትሑት ወጣት፣ ጫማው ላይ በረዶ አለ፣ በጎን በር ገብቶ ካሜራ ይዟል። «አይ፣ አትዙር፣ እንደነበርክ» አለኝ። እንደነበርኩ ሆንኩ። ካሜራው ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ካፖርቶቹ ከሱ ኋላ ነበሩ። ከፊቱ ያለው እኔ፣ መድረኩ፣ ገና አሁን የዘረጋኋቸው ወንበሮች ብቻ ነን።

እንግዳ ነው ብዬ፣ «ሾርባ፣ ታች» አልኩት በጣቴ እያሳየሁ። የሾርባው ሽታ እስከ በሩ ደርሷል፤ ቅቤና ሽንኩርት።

«አመሰግናለሁ፣ ወደ ሌላው እጩ ስብሰባ መድረስ አለብኝ» አለና ሄደ። መጥፎ ልጅ አልነበረም። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፣ ብርድ እንዳይገባብኝ።

ከዚያ ሰው ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ ከደረጃው እንደ ጎርፍ ነው የወጣው። የኋላው ሞላ፣ የእኔ የፊት ረድፎችም ሞሉ፣ የተረፈው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የከተማው ጸጉር አስተካካይ ትልቅ ሆዱን ይዞ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ኤለን አጭር ተናገረች። ከዚያ «ሌላ የሚናገር አለ?» አለች። ከፊተኛው ረድፍ ሚስስ ዶሪስ ተነሡ።

የተናገሩትን ሁሉንም አልሰማሁም፤ እንግሊዝኛዬ አልደረሰበትም። ነገር ግን ስለ መንገዱ እንደሆነ ገባኝ። እጃቸው የመኪና መሪ እንደያዘ ሰው ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። አንድ እጃቸውን ለቀቅ አድርገው ወደ ጎን ሰደዱት፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው እንደሚዳብሱ፣ ከዚያ እዚያው አየር ላይ አቆዩት። ያን ያህል ሰው ባለበት ቤት የማሞቂያው ምድጃ ታች ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። ሲጨርሱ ሰዉ ሁሉ ቆመ። ያ ጸጉር አስተካካይ በእጁ መዳፍ ፊቱን ይጠርግ ነበር።

ሰው ሲበተን ወንበር ማጠፍ ጀመርኩ። ጓንቴን ታች ረስቼው ስለነበር የመጀመሪያውን ወንበር በባዶ እጄ ያዝኩት፤ ጣቴን እንዳይልጠው ፈርቼ። ሞቋል። ቀጣዩም ሞቋል። ያ በረዶ የነበረ ብረት እንደ ዳቦ ለብ ብሏል። የሚስስ ዶሪስን ወንበር ሳጥፍ ደግሞ መዳፌን ትንሽ አቆየሁበት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ገንፎ ላይ ሆነን ጋዜጣው መጣ። ሚስስ ዶሪስ ገለጡትና፣ «ታዴ! አንተ ነህ!» አሉ። አየሁት። እኔ ነኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በአገሬ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ሹም ወይም ወንጀለኛ ነው። ቀጥሎ እሳቸው ጽሑፉን አነበቡ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። ርእሱ «ለወንበሮች የተደረገ ንግግር» ይላል። የነርሷ ስብሰባ በባዶ አዳራሽ ተካሄደ፣ ከጽዳት ሠራተኛው በቀር ሰው አልታየም፤ እንዲህ ነው የሚለው።

«ይሄማ ስሕተት ነው» አልኳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። «ችግር የለም። ሁለተኛው ጋዜጣ ያርመዋል።»

ይህን ያልኩት ካደግኩበት ነው። በእኛ ሰፈር ነገር የሚጸናው በሁለት እማኝ ነው፤ አንዱ ቢያደላ ሌላው ያቀናዋል። ሽማግሌዎቹም አንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት እማኞች አይቀበሉም ነበር። የአገሬ ሬዲዮ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚናገረውን ግማሹን ቀንሰን እንሰማለን፤ ልጅም ሳይቀር መቀነስ ያውቃል። እዚያ ግን ሁለት ጋዜጣ አለ፣ ሬዲዮም አለ፣ የሚጣሉ ናቸው ይባላል። ምን ያስፈራል?

ሁለተኛው ጋዜጣ መጣ። ሌላ ፎቶ ነበር፣ እኔ ወንበሩን ዝቅ ሳደርግ። ቃሉ ግን ያው ነው፦ ለወንበሮች የተደረገ ንግግር። ሬዲዮውን ከፈትን፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው ተናጋሪ ሳቅ ብሎ ያንኑ አለ። ጸሐፊው ሌላ፣ ተናጋሪው ሌላ፣ ቃሉ ግን ከአንድ አፍ የወጣ። ሥራ ስሄድ ሆን ብዬ በመሥሪያ ቤቶቻቸው በኩል ዞርኩ። ከላይ ሁለት የጋዜጣ ስምና የሬዲዮው ምልክት ተሰቅሏል። ከታች ሰዉ የሚገባበት በር አንድ ነው። ያ ካሜራ የያዘው ልጅ በዚያ በር ሲገባ አየሁት፤ ለሰላምታ እጁን አነሳልኝ።

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ሐሰት በየአገሩ አለ። አጥንቴን ያቀዘቀዘው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ጸጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። ሰውየው አንገቴን በፎጣ እያሰረ፣ «ያ የነርሷ ስብሰባ ሰው አልነበረውም አሉ» አለኝ።

«አንተ ነበርክ እኮ! መስኮቱ ላይ ወጥተህ!»

ፎጣውን ማሰሩን አቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት፤ አይዋሽም ነበር። «ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ነበርኩ፣ ግን ሳስበው ሰዉ ሳሳ ያለ ነበር። ፎቶውን አላየኸውም?»

ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አላየኸውም ይለኛል!

ሾርባውን የሠሩት ሴቶችም እንደዚያው ሆኑ። ያን ቀን ድስቱ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ አንዷ ለራሷ እንዳልተረፋት ስታማርር ሰምቻለሁ። በሳምንቱ «ያ ሁሉ ሾርባ ተርፎ የት አደረስነው?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ማንንም ባነጋግር ያው ሆነ። የቆሙት ተቀምጠን ነበር ይላሉ። የተቀመጡት ብዙ ባዶ ቦታ እንደነበር ያስታውሳሉ። አንዳንዱ ጭራሽ አልሄድኩም ይላል፣ ካፖርቱን በእጄ ያቀበልኩት ሰውዬ። እንዲህ እንዲህ እያለ በየቀኑ ከዚያ አዳራሽ ሰው ይወጣ ነበር፤ ስብሰባው ካለቀ በኋላ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ አንድ በአንድ። በአገሬ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እዚያ እያደር ሲጨልም አየሁ።

እኔም ወለል እየወለወልኩ መጠራጠር ጀመርኩ። ቀና ስል ባዶው አዳራሽ ልክ ፎቶውን ይመስላል። የት ነበሩ ያ ሁሉ ሰዎች? ካፖርቶቹን ነው ያየሁት ወይስ ሰዎቹን? ደግሞ ወጣት ነኝ፣ ስደተኛ ነኝ፣ ቋንቋ አላውቅም። አንድ ሰው ብቻውን ከመላ ከተማ ጋር እንዴት ይከራከራል?

አንድ ጠዋት ሚስስ ዶሪስ ገንፎውን አቀረቡልኝና ቆመው ቀሩ። ስኳሩን አልነሰነሱም።

«ታዴ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ተናግሬያለሁ እንዴ?»

ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ።

«ስለ እሱ... ስለ መንገዱ። ተነሥቼ ተናገርኩ፣ ወይስ እናገራለሁ ብዬ እቤት ሳስብ ነው የማስታውሰው? ማንም አንድ ቃል አላለኝም። ሰው እንዲያ ያለ ነገር ተናግሮ አንድ ሰው እንኳ አይዞህ አይለውም?»

ሴትየዋ ያን ነገር ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወጡት። አሁን ያ አንድ ጊዜ ከእጃቸው እያመለጠ ነው። ካመለጠ መቼም ደግመው እንደማይናገሩት፣ ባላቸውም እዚያ መኪና ውስጥ፣ በረዶው ሥር እንደሚቀሩ ገባኝ። የምመልስበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። «ይምጡ» አልኳቸው፤ ካፖርታቸውን አቀበልኳቸው።

አዳራሹ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። የክረምት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ወንበር ልዘረጋላቸው አንድ አመጣሁ።

«ሁሉንም» አሉኝ።

ሁሉንም ዘረጋሁ፣ የኋላውንም የፊቱንም። እሳቸው ያን ቀን የነበሩበት ቦታ በካፖርታቸው ተጠቅልለው ተቀመጡ። እኔ ከጎናቸው፣ ፎቶው ላይ የቆምኩበት ቆምኩ። ረጅም ጊዜ እንዲሁ ቆየን። ታች ምድጃው መንቋቋት ጀመረ፣ ልክ ማንኪያ ሳሕን ሲነካ ይመስላል። ዞሬ ማየት ፈለግኩ፤ ፈራሁ። ከኋላዬ ያሉት ወንበሮች ባዶ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ የዘረጋኋቸው። ነገር ግን ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ አየሩ የሚከብደው ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ከበደ።

ሚስስ ዶሪስ ተነሡና ተናገሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እጃቸው መሪውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ወደ ጎን ሄደ። ሲጨርሱ ዙሪያቸውን አይተው ሳቅ አሉ።

«ይኸው፣ አሁን እውነትም ለወንበር ተናገርኩ።»

«እጅዎን ያምጡ» አልኳቸው። አልገባቸውም። እጃቸውን ይዤ ጓንቱን አወለቅኩና መዳፋቸውን የተነሡበት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አጠገቡ ያለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀዝቃዛው ሲነካቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። መልሼ የሳቸው ላይ።

«ያን ቀን» አልኩ፣ ያለኝን እንግሊዝኛ ለቃቅሜ፣ «ሁሉም እንዲህ። እኔ አጠፍኩ። ሁሉም ሙቅ። የእርስዎም ሙቅ።»

መዳፋቸውን አላነሡም። ብረቱ እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆዩ። ከዚያ «ነበርኩ» አሉ፣ ለእኔ አይደለም። ሲወጡም ለእኔ፣ «ቤት ስንደርስ መኪናዬን ከበረዶው አውጣልኝ» አሉኝ።

አወጣኋት። በምርጫው ቀን ሚስስ ዶሪስ መንዳት ያቃታቸውን ሽማግሌዎች እየጫኑ ወደ ድምፅ መስጫው ሲያመላልሱ ዋሉ፤ ለእያንዳንዱም መንገድ ላይ ያን ታሪክ ሲነግሩ። ጸጉር አስተካካዩን ሳይቀር አስገብተው እንደነገሩት አውቃለሁ፤ ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አሁን ትዝ አለኝ» አለኝ፣ አፍሮ።

ኤለን ግን ተሸነፈች። ጋዜጦቹ «እንደተጠበቀው» አሉ፣ ሁለቱም። ሆስፒታሉም ተዘጋ። እኔ ብዙም ሳልቆይ እህቴ ወዳለችበት ወደ አትላንታ መጣሁ፤ በረዶ ዝቄ ጠግቤ ነበር። በየገናው ለሚስስ ዶሪስ ስደውል ስልኩን አንሥተው ሰላም አይሉኝም። «ሞቆ ነበር» ይሉኛል። «ሞቆ ነበር» እላለሁ። ከዚያ ነው ስለ ጤና የምንጠያየቀው። አንድ ገና ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ይህን ስጨርስ ብሩክ ሪሞቱን በእጁ እያገላበጠ ነበር። ቴሌቪዥኑ ድምፅ አልባ ሆኖ ያን አዳራሽ ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል።

«ሊስን አባባ» አለ በመጨረሻ፣ «የዛሬው ግን እውነትም ባዶ ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ይችላል» አልኩት። «እኔ የለም አላልኩም። እዚያ አልነበርኩም፤ አንተም አልነበርክም። እኔ የጠየቅኩህ ልጁ ስንት ሰዓት እንደመጣ ነው።»

ጋዜጠኛ ሁሉ ውሸታም ነው የሚል ሽማግሌ መሆን አልፈልግም። ያ ልጅ አልዋሸም። ወንበሮቹ ያን ደቂቃ ባዶ ነበሩ፣ እኔም ቆሜ ነበር፤ ካሜራው ያየው ይህንኑ ነው። ነገሩ የተሠራው ልጁ በየት በር እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ የማን ስብሰባ ላይ ቆይቶ ሾርባ እንደሚጠጣ በሚወስነው ሰው ነው፤ ያን ሰው ደግሞ በፎቶ አይቼው አላውቅም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰዉ ይቆጣ ነበር። የተቆረሰ እውነት ስለሆነ፣ ሰዉ የራሱን ቆርሶ ጣለለት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ የጋዜጣው ኃይል አይደለም፤ ያ ደግ ጸጉር አስተካካይ በመስታወት ውስጥ ሲያየኝ የነበረበት ዓይን ነው።

የዜና ሰው ወንበር ሲዘረጋ ይመጣል፤ ሲታጠፍ አይገኝም። እኔ ዛሬም በዕድራችን ስብሰባ፣ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ወጣቶቹ «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እናነሳዋለን» ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ግን አንዱን ሁለቱን በመዳፌ ሳልነካ አልሄድም።

ሻዬ በርዶ ነበርና ሌላ ልቀዳ ብድግ አልኩ። ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ሳሮን ከሶፋው ዘላ ወንበሬን ያዘችብኝ፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነች።

«ተነሽ፣ የአባባ ነው!» አላት ብሩክ።

እሷ ግን አልተነሣችም። ስልኳን አስቀምጣ እጇን ቀስ አድርጋ በተላጠችው ክንድ ላይ፣ ከዚያ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው።

«አባባ» አለችኝ፣ «ይሞቃል።»